ለአስታማሚ የሚገባ ዕረፍት

ጌታችን በፍርድ ቀን ከሚመረምረን ምግባር አንዱ ሕሙማንን መጠየቃችን እንደ ሆነ ሁላችን እናውቃለን (ማቴ. 25፥36)። ዛሬ የምንናገረው ግን ስለ ሕመምተኛው ሳይሆን፥ ከራስጌው ተቀምጦ ሌሊቱን ስለሚያነጋው ሰው ነው።

አስታማሚ ሲደክም አስቀድሞ እንቅልፉ ይጠፋል፤ ቀጥሎ ምግብ ያስጠላዋል፤ በመጨረሻም ልቡ ይደርቃል። ትናንት እናቷን በርኅራኄ ታገላብጥ የነበረች ልጅ ዛሬ ትቆጣታለች፤ ወዲያውም ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች። ፍቅሯ ያለቀ ይመስላታል። ያለቀው ግን ኃይሏ ነው። እንዲህ ያለችውን ነፍስ «ታገሺ» ብሎ ብቻ ማሰናበት በሸክም ላይ ሸክም መጨመር ነው።

ነቢዩ ኤልያስን እንመልከት። ከኤልዛቤል ሸሽቶ በምድረ በዳ ከዛፍ ሥር ተቀመጠና ሞቱን ለመነ (1ኛ ነገ. 19)። እግዚአብሔር መልአኩን በላከለት ጊዜ መልአኩ ነቢዩን አልገሠጸውም፤ ስለ እምነቱ ጉድለትም አልጠየቀውም። የተጋገረ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ አቀረበለት። ኤልያስም በልቶ ጠጥቶ ዳግመኛ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ ቀስቅሶ አበላው፤ በዚያም ምግብ ኃይል 40 ቀንና 40 ሌሊት ተጉዞ ኮሬብ ደረሰ። ቃለ እግዚአብሔርን በጸጥታ ድምፅ የሰማው ከእንቅልፉና ከእንጀራው በኋላ መሆኑን ልብ ይሏል።

«አባቶቻችን በትጋሃ ሌሊት ሥጋቸውን ያደክሙ አልነበረምን?» የሚል ይኖራል። አዎን፤ ነገር ግን መናኝ ቢዝል ድካሙ በራሱ ላይ ነው፤ አስታማሚ ቢዝል ድካሙ በሕመምተኛው ላይ ይወርዳል። አባ እንጦንስም ቀስት አብዝቶ የተለጠጠ እንደ ሆነ እንዲሰበር ለአንድ አዳኝ አሳይቶታል።

በቅፍርናሆም ሽባውን ወደ ጌታ ያመጡት አራት ሰዎች ነበሩ (ማር. 2፥3)። እኛ ግን አልጋውን በሙሉ ለአንዲት ልጅ፥ ያውም ብዙ ጊዜ ላላገባችው፥ ትተንላት እንሄዳለን። የጽዋ ማኅበርተኞች በየወሩ ሲሰበሰቡ ከመካከላቸው ማን የትኛውን ሌሊት እንደሚያድር ቢመድቡ መልካም ነው። ካህኑም ሕመምተኛውን ጠበል ከረጨ በኋላ አስታማሚዋን መቼ እንደ ተኛች ይጠይቃት። እንቅልፍ ማጣቱና ተስፋ መቁረጡ የሰነበተባት እንደ ሆነ ሐኪም ዘንድ ትሂድ፤ ይህን ማድረጓ እምነት ማጉደል አይደለም።

ተረኛዋ በመጣች ጊዜ አስታማሚዋ ቤት ልጥረግ፥ ቡና ላፍላ ብላ አትቆይ፤ መድኃኒቱ የሚሰጥበትን ሰዓት ነግራት ትተኛ።