ዳኝነቱ ይቆይ፣ ጥበቃው አይቆይ

ልጄ፣ በግጦሹ መሬት ከማዶ ሰፈር ልጆች ጋር ስለተቀያየማችሁ ሌሊት አብራችሁ ከብት ላለመጠበቅ መማማላችሁን ሰማሁ። «መጀመሪያ ዳኝነቱ ይለቅ» ብላችኋል አሉ። ዳኝነት ቀን ይቀጠርለታል፤ የከብት ሌባ ግን ቀጠሮ አያከብርም።

የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን አስብ። በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ከምኒልክ ጋር ተዋግተው፣ ቆስለው ተማረኩ። በ1879 መተማ ላይ የሱዳኑን ድርቡሽ ድል ነሡ። በዓመቱ ድርቡሽ በርትቶ ሲመለስ ግን ሳር ውኃ ላይ የገጠመው የእሳቸው ጦር ብቻ ነበር። ተሸነፉ፤ ጎንደርም ከብዙዎቹ አድባራቷ ጋር ተቃጠለች። ጀግና አልጠፋም፤ የጠፋው አብሮ የሚቆም ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው ለዚህ ነው።

እኚሁ ንጉሥ በ1888 ዓ.ም. ጦራቸውን አስከትለው ዓድዋ ላይ ከማራኪያቸው ከምኒልክ ጎን ተሰለፉ። የእምባቦ ቁስል ተረስቶ ይመስልሃል? ቂም እንዲህ በቀላሉ አይወጣም፤ ለጊዜው ወደ ጎን ይደረጋል እንጂ። አንተስ ጥር 23 ቀን ፈረስህን ሸልመህ እንጅባራ ላይ የምትጋልበው የነዚያን ዘማቾችና የፈረሶቻቸውን ውለታ ለመዘከር አይደለም?

የፈረሰኞች ማኅበራችን በተመሠረተበት በ1932 ዓ.ም. ጣሊያን ገና አገራችን ላይ ነበር። በጎጃም አርበኞች መካከል ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የልጅ ልጅ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ አይስማሙም ነበር። በ1933 መጀመሪያ ኮሎኔል ሳንድፎርድ የሚባል እንግሊዛዊ መሐል ገብቶ እንዲረዳዱ አስማማቸው። አገር ሽማግሌ ሞልቶት የባዕድ አስታራቂ ማስፈለጉ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ቢሆንም ተስማሙ፤ የዚያው ዓመት የካቲት ላይም ጣሊያን ዳንግላን ለቆ ወጣ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ ነው።

እንግዲህ ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ፤ ነገ ጠዋት ወደ ማዶ ተሻገር። ይቅርታ ጠይቅ አላልኩህም፣ መሬቱንም ልቀቅ አላልኩህም። «እሪታ የሰማ ሁሉ ይድረስ፣ ተራ ጥበቃውም ይቀጥል» ብለህ ተዋዋል። የግጦሹን ነገር መኸሩ ሲገባ ከሁለቱም ሰፈር የተመረጡ ሽማግሎች ተቀምጠው ያዩታል። ያን ጊዜ ቅሬታህን አንድ ሳታስቀር ተናገር፤ እኔም እዚያው ተቀምጬ እሰማሃለሁ።