ለሥራ አስኪያጁም ቢሆን

ልጄ፣ ሠራተኞች ከቤትም ከመስክም ሆነው የድርጅቱን ኢሜይል እንዲያገኙ አመቻቺ መባልሽን ሰማሁ። ሰርቨሩን ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። የምፈራልሽ «ለዛሬ ብቻ ክፈቺልኝ» የሚልሽን ሰው ነው።

መጀመሪያ ምን እንደሚከፈት ወስኚ። ፖርት 25 ከውጭ የሚላክልን ኢሜይል የሚገባበት ስለሆነ መዝጋት አይቻልም፤ ግን በዚያ በኩል ማንም በፓስወርድ አይግባ። የቀረው ሁሉ፣ መላኪያው 587ም ማንበቢያው 993ም፣ ከቪፒኤን ጀርባ ቢሆን እመርጣለሁ። ዋየርጋርድ ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከሊኑክስ ከርነል ጋር ይመጣል፣ ስልክ ላይም አይከብድም። ራውተሩ ላይ ተዘጋጅቶ የምታገኚውን ፒፒቲፒ ግን እንዳትነኪው፤ ምስጠራው ከተሰበረ ዓመታት አልፈዋል።

«በብሮውዘር ብንገባ ምን አለበት?» ይሉሻል። በ2021 እ.ኤ.አ. በማይክሮሶፍት ኢሜይል ሰርቨር፣ በኤክስቼንጅ ላይ የደረሰውን ንገሪያቸው። ማይክሮሶፍት ማስተካከያውን ያወጣው ማርች 2 ቀን ነበር፤ ሰርጎ ገቦቹ ግን ቀድመውት ገብተዋል። በብሮውዘር የሚገባበት ፖርት 443 ለኢንተርኔት ክፍት የሆነ ሰርቨር ካገኙ የማንንም ፓስወርድ ማወቅ አላስፈለጋቸውም። በዓለም ዙሪያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰርቨሮች ተጠቁ። የከፋው ደግሞ አፕዴቱን የጫነ ሁሉ አለመዳኑ ነው። አስቀድመው ዌብ ሼል የሚባለውን ትንሽ ፋይል ጥለው ከሆነ፣ አፕዴቱ ቀዳዳውን ደፈነ እንጂ ፋይሉን አላነሳውም፤ ሌባው ጓዳ ተደብቆ ሳለ በሩን እንደ መቆለፍ። ስለዚህ አፕዴት በጫንሽ ቁጥር ሎጉንም አገላብጪ።

«ለዛሬ ብቻ» ወደሚልሽ ሰው ልመለስ። ሥራ አስኪያጁ ዱባይ ሆነው ማታ ይደውላሉ። ቪፒኤኑ እምቢ ብሏቸዋል፣ ጨረታ ደርሷል፣ ተቆጥተዋል። ያን ጊዜ እጅሽ ወደ ሪሞት ዴስክቶፕ፣ ወደ ፖርት 3389 ይሄዳል። ተይው። ቀን ከሌት ፓስወርድ ሲሞክር የሚውል ሮቦት እስኪያገኘው ብዙ አይቆይም፤ «ለዛሬ» የተከፈተውንም ነገ አስታውሶ የሚዘጋው የለም። ይልቅ ከመሄዳቸው በፊት ስልካቸውን ተቀበዪና ዋይፋዩን አጥፍተሽ በሞባይል ዳታ ሞክሪው። ማረጋገጫ ኮዱ በኤስኤምኤስ አይሁን፤ ሮሚንግ ካልተከፈተ ውጭ አገር አይደርሳቸውም። አውቴንቲኬተር ጫኚላቸው፣ የመጠባበቂያ ኮዶቹንም አትመሽ ስጪያቸው። እምቢ ማለት የሚከብድሽ ከሆነ መመሪያውን አስቀድመሽ እሳቸውኑ አስፈርሚ። እኔ ብሆን የመጀመሪያ ሥራዬ ይኼ ነበር።

የሰርቨሩ ሰርተፍኬትም በራሱ እንዲታደስ አድርጊ። አንዴ ጊዜው ካለፈ ሠራተኛው ማስጠንቀቂያውን እየዘለለ መግባት ይለምዳል፣ አጭበርባሪ መሀል ሲገባም ያንኑ ያደርጋል።

ሥራ የሚለቅ ሰው ጉዳይ የሰው ሀብት ነው ብለሽ አትተዪው። ክሊራንሱ አንቺም ጋ ይዙር፤ ከመፈረምሽ በፊት አካውንቱን ዝጊ፣ የቪፒኤን ቁልፉን ሰርዢ፣ ስልኩ ላይ የተከፈተውንም ኢሜይል አስወጪ።