ሁለቱ ዲናር

አዳማ ውስጥ ነርስ ሆኖ «ሥራችሁ እኮ ጽድቅ ነው» ሳይባል የሚሰነብት የለም። አስታማሚ ሲለኝ ከልቡ ስለሆነ አሜን እላለሁ። ኃላፊ ሲለኝ ግን ጆሮዬን ቀጥ አደርጋለሁ፤ ብዙውን ጊዜ ቀጥሎ የሚመጣው «የዚህ ወር የዲዩቲ ክፍያ አልተለቀቀም» ነውና።

ጽድቅነቱን አልክድም። ሙያው ወደዚህች ከተማ የገባው በዚያው በር ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የሜኖናይት ሚስዮናውያን በያኔዋ ናዝሬት በአርበኛው በኃይለ ማርያም ማሞ ስም በተሰየመው ሆስፒታል የአገሬውን ወጣቶች ድሬሰርነት አስተማሩ። ከመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ቀደምት አገልጋዮች መካከል ከእነዚያ ድሬሰሮች የወጡ አሉ። ያ ሆስፒታል ዛሬ የአዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ ነው። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ቁስል ማጠብና ጸሎት በአንድ ግቢ መኖራቸው ግን ደስ ይለኛል። የሚከነክነኝ ሌላ ነው፦ ጽድቁ የእኔ ከሆነ፣ ሌላው ሰው እንዴት ዕዳውን ይከፍልበታል?

በስብሰባ ሁሉ ደጉ ሳምራዊ ይጠቀስልናል። ታሪኩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ከሞጆ መስመር አይሱዙ የገጨውን ሰው አንድ መንገደኛ አንሥቶ ያመጣል፤ ሸሚዙ ደም በደም ሆኖ ስልክ ቁጥሩን ያስመዘግብና ይሄዳል። ሳምራዊው እሱ ነው። እኔ የእንግዳ ማደሪያው ጠባቂ ነኝ፤ ሌሊቱን ካኑላ የምፈልግለት፣ ሽንቱን የምለካለት፣ ሲቃዥ የምይዘው። አባቶች ሳምራዊው ለጠባቂው የሰጠውን ሁለቱን ዲናር ብሉይና ሐዲስ ብለው ያመሠጥሩታል። ምሥጢሩን እቀበላለሁ፤ ተረኛ ሆኜ ሳስበው ግን ዲናሩ ዲናር ነው። የቀን ሠራተኛ አንድ ዲናር በሚያገኝበት ዘመን የሁለት ቀን ቀድሞ ከፈለ፤ ትርፍ ካወጣህ ስመለስ እከፍላለሁ አለ፤ ደረሰኝ አምጣ እንኳ አላለም! ጠባቂውን «ለነፍስህ ብለህ አስታመው» ብሎ ጥሎበት አልሄደም። ደግሞም ያችን የመጀመሪያዋን ሌሊት ራሱ አስታሟል፤ የከፈለው በማግስቱ ነው።

አብራኝ የምትሠራ ሙስሊም እኅቴ ይህን ስነግራት ስለ ሩፈይዳ አጫወተችኝ። መዲና ላይ መስጊዱ አጠገብ ድንኳን ተክላ ቁስለኛ ታክም የነበረች ናት፤ ከኸይበር ዘመቻ በኋላ እንደ ተዋጊዎቹ ድርሻ ተሰጥቷታል ይባላል። «እሷም ተከፍሏታል» አለችና ሳቀች።

በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች በየከተማው ደመወዝና አበል ጠይቀው ሥራ በከፊል ሲያቆሙ መሐላቸውን የሚያስታውሳቸው አላጡም፤ የታሰሩም ነበሩ። ሥራ ማቆም ያስጨንቀኛል፤ የሚያቃስተው በሽተኛ ምንም አላጠፋም። ግን መሐላው የጠባቂውን ብቻ አፍ ሲዘጋ ፍርድ የተጓደለ ይመስለኛል።

ደመወዝ ብቻም አይደለም ሰው የሚያስለቅቀው። ድሮ በሠራሁበት ቦታ አንዲት ልጅ የበሽተኛው ትኩሳት ሌሊት መጨመሩን ቻርቱ ላይ ጽፋ ነበር። ጠዋት ራውንድ ላይ ሐኪሙ ሳያነበው «ሌሊት ተኝታችሁ ነው የምታድሩት?» ብሎ በሽተኞች ፊት ጮኸባት። ገጹን ገልጣ አሳየችው። አየው፣ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈ። ጥቂት ቆይታ ክሊራንስ ጠየቀች፤ አሁን ባቱ ላይ የልብስ ሱቅ አላት። ያን ቀን አንድ «ይቅርታ» ምን ያህል በጀት ይፈጅ ነበር?

እኔ ዛሬ የክፍል ኃላፊ ነኝና ፕሮግራም የማወጣው እኔው ነኝ። ቀደም ብዬ እለጥፋለሁ፤ ልጅ ያላት ሞግዚት ትፈልግበት። የፋሲካን ሌሊት ሙስሊሞቹ ይገባሉ፣ የኢድን ቀን እኛ። ሰው ሲጎድል ሌሊቱን እኔም ገብቼ አድራለሁ፤ ጓንት ማለቁን በሪፖርት ከመስማት በዓይን ማየት ይሻላል። የዲዩቲው ገንዘብ ግን በእጄ አይደለም። ስለዚህ ሳምራዊው በስብሰባ ላይ በተነሣ ቁጥር እጄን አወጣና ውዝፉ የስንት ወር እንደደረሰ እጠይቃለሁ። አንዳንዶቹ አጉረምርመዋል፤ ቃለ ጉባኤ ያዡ ግን ይጽፈዋል።