ረመጥ ያልቀረበት አመድ

ልጆቼ፣ እዚህ ሳዑዲ ዐርብ ዐርብ ከዐዚዚያ ተነሥታችሁ ወደ በረሃው ስትወጡ ጀበናውንና ከሰሉን አትረሱም፤ ደስ ይለኛል። ስትመለሱ ግን ፍሙ ላይ በእግራችሁ አሸዋ ገፋ አድርጋችሁ መኪና ስትገቡ አይቻለሁ። የዛሬው ምክሬ ስለዚያች ፍም ነው።

እናቶቻችን ማታ እሳት የሚያዳፍኑት ለምን ነበር? ለጠዋት እንዲያድር አይደለም? አሸዋም እንደዚያው ያዳፍናል እንጂ አያጠፋም። ውኃ አፍስሱ፣ በእንጨት አማስሉ፣ ደግማችሁ አፍስሱ። የእጃችሁን ጀርባ አስጠግታችሁ ሙቀት ካልተሰማችሁ ያኔ ሂዱ። ነፋስ ካለ ጭራሹን አታንድዱ። ባልተፈቀደ ቦታ ማንደድ እዚህ አገር እንደሚያስቀጣም አትዘንጉ።

«በረሃ ላይ ምን ይቃጠላል?» አትበሉኝ። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ እዚሁ አገር ዐሲር ውስጥ፣ ተኑማ ላይ ተራራው ነዷል። በዐሲር ተራሮች የሚበቅለው ጥድ ደግሞ ያው የእኛው የሀበሻ ጥድ ነው።

እኔ የደባርቅ ልጅ ነኝ። አባቴ ማር ሲቆርጥ ችቦ ይዞ ዛፍ ይወጣ ነበር። በበጋ ማብቂያ ላይም ለከብቱ ለጋ ሣር እንዲወጣ አሮጌውን እናቃጥላለን። የተረፈውን ዝናቡ ደርሶ ያጠፋልን ስለነበር ጥፋት ነው ብለን አናውቅም። አሁን ያ ዝናብ ይዘገያል፤ ሙቀቱም ሣሩን ቀድሞ ያደርቀዋል። የአባቴ ችቦ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሣሩ ነው።

በ1992 ዓ.ም. የባሌ ደን ለሳምንታት ነደደ። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ደግሞ ተራው የሰሜን ተራሮች ሆነ። ዩኔስኮ ፓርኩን አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ካወጣው ገና ሁለት ዓመት አልሞላም ነበር። ጓሳውና አስታው ሲነድ የአገሬ ሰው ቅጠል ይዞ ገደል ለገደል ታገለ፤ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል እሳት አጥፊዎች መጡ። እኔ እዚህ ዐዚዚያ ስልክ ይዤ ቁጭ ብዬ ነበር። ያኔ የገባኝ፣ መደወል የነበረብኝ ሣሩ ሳይደርቅ እንደነበር ነው።

እናንተ ቀድማችሁ ደውሉ። ገንዘብ ስትልኩ ቃልም ላኩ። ግን አባታችሁን ላስተምር አትበሉ፤ ጠይቁ። «አባባ፣ ዘንድሮ ዝናቡ መቼ ገባ? ሣሩ እንዴት ነው?» በሉ። እሱ ራሱ «ኧረ ደርቋል» ሲላችሁ፣ ቀን በነፋስ እንዳያቃጥል፣ በማሳውና በደኑ መካከል ያለውን ሣር አስቀድሞ እንዲያጭድ፣ በችቦው ፈንታ የንብ ማጨሻ እንዲይዝ ለምኑት። ማጨሻውን መግዣ ከላካችሁለት ደግሞ ልመናው ይሰምራል።

«እሳት አመድ ወለደ» የሚባለው ልጅ ካባቱ ሲያንስ ነው። በዚህ ነገር ግን እባካችሁ ከእኛ አንሱ። አመድ ሁኑልኝ፤ ረመጥ ያልቀረበት አመድ።