ስለ ጥሪና ጥሪን ስለሚጋርዱ ነገሮች

ወደ ምንኵስና ለመግባት የሚያስብ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊመረምረው የሚገባው የጉልበቱን ብርታት ሳይሆን ሐሳቡ ከወዴት እንደ መጣለት ነው። ብዙዎች «እግዚአብሔር አልጠራኝም» ይላሉ፤ ዳሩ ግን ድምፁን ያልሰሙት ስላልተጠሩ ይሁን ወይስ ጆሯቸው በሌላ ነገር ስለ ተያዘ አልመረመሩም። በካቶሊካውያን ዘንድ ይህን ነገር ጠልቀው ከመረመሩት አንዱ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ ነው።

ይህ ሰው በእስፓኝ አገር የጦር ሰው ነበረ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1521 ዓ.ም. በፓምፕሎና ምሽግ እግሩ በመድፍ ተሰብሮ ወደ ቤቱ ተወሰደ። በአልጋ ላይ ሳለ የፈረሰኞችን ተረት ቢለምን በቤቱ ስላልተገኘ የክርስቶስን የሕይወት ታሪክና የቅዱሳንን ገድል ሰጡት። ከዚያ ወዲያ ልቡ በሁለት ሐሳብ ተከፈለ፤ አንድ ጊዜ ስለ አንዲት እመቤት ክብር የሚሠራውን ጀግንነት፥ አንድ ጊዜ ደግሞ በባዶ እግሩ ወደ ኢየሩሳሌም መሄድን ያስብ ነበር። ሁለቱም በሚታሰቡበት ሰዓት ጣፋጮች ነበሩ፤ ልዩነታቸው የታወቀው በኋላ ነው። የፊተኛው ሲያልፍ ልቡን ደረቅ አድርጎ ይተወዋል፤ የኋለኛው ግን ካለፈም በኋላ ደስታው አይለየውም ነበር።

እንግዲህ ፍሬው የሚታወቀው ቈይቶ ከሆነ፥ ችኮላ ታላቅ ጋራጅ ነው። ስለዚህም ኢግናጥዮስ በ1548 ዓ.ም. በጳጳሱ በጳውሎስ 3ኛ በጸደቀው «መንፈሳዊ ልምምድ» በተባለው መጽሐፉ፥ መምህሩ ልቡ የሞቀውን ሰው ለስእለት እንዳይቸኩል እንዲያስጠነቅቀው ያዛል። ዛሬም በ1983 ዓ.ም. የወጣው የካቶሊካውያን ሕገ ቀኖና ቢያንስ የ12 ወር ፈተናን፥ ከዚያም ከ3 ዓመት የማያንስ ጊዜያዊ መሐላን ይጠይቃል። በእኛም ገዳማት አመክሮ የሚባለው ለዚሁ ነው።

ይሁን እንጂ ከችኮላ ይልቅ የሚያስፈራው ድርድር ነው። ኢግናጥዮስ እያንዳንዳቸው 10,000 ዱካት ያገኙ ሦስት ዓይነት ሰዎችን ያስባል፤ ገንዘቡን ያገኙት በፍጹም ፍቅረ እግዚአብሔር ስላልሆነ ልባቸው ታስሮበታል። አንደኛው ከእስራቱ መፈታትን ይወዳል፤ ነገር ግን እስከ ሞቱ ሰዓት ምንም አያደርግም። ሁለተኛው መፈታትን ይሻል፥ ገንዘቡ ግን ከእጁ እንዳይወጣ፤ እርሱ ወደ እግዚአብሔር ፈቃድ ሊሄድ ሳይሆን እግዚአብሔር ወደ እርሱ ፈቃድ እንዲመጣለት ይለምናል። ሦስተኛው ብቻ መያዙንም መተዉንም ለአምላኩ ይተዋል። በእኔ አስተያየት ከሃይማኖተኞች መካከል የሚበዛው ሁለተኛው ነው፤ ይጸልያልና ራሱን አይጠረጥርም።

ከዚህም ሌላ ትሕትና መስሎ የሚመጣ ፍርሃት አለ፤ «እኔ ኃጢአተኛ ነኝና አይገባኝም» የሚል። ኢግናጥዮስ ራሱ በማንሬሳ የተናዘዘውን ኃጢአት ደጋግሞ እየተናዘዘ እጅግ ተጨንቆ ነበር፤ አንድ ሳምንት ሙሉ እህል ሳይቀምስ ቢቈይ የንስሓ አባቱ ጾሙን እንዲፈታ አዘዘው። ለብቃቱ የሚጨነቅ ሰው የሚያየው ራሱን እንጂ ጠሪውን አይደለም።

ቅዱስ የሚመስል ምኞትም ይጋርዳል። በ1523 ዓ.ም. ኢግናጥዮስ ወደ ተመኛት ኢየሩሳሌም ደርሶ በዚያ ለመኖር ቈርጦ ሳለ፥ የፍራንቸስካውያን አለቃ ከአገሩ እንዲወጣ አዘዘው። እርሱም ታዘዘ፤ ወደ ባርሴሎና ተመልሶ ዕድሜው ከ30 ካለፈ በኋላ የላቲንን ሰዋስው ከፊደሉ ጀምሮ ይማር ጀመር። የኢየሱስ ማኅበር የተባለው ማኅበሩ የጸደቀው ከ17 ዓመት በኋላ፥ በ1540 ዓ.ም. ነው።