ከክትክታው ዛፍ በታች



ነቢዩ ኤልያስ ሞትን የለመነው ድል በተነሣበት ቀን አልነበረም። በቀርሜሎስ ተራራ እሳት ከሰማይ ወርዶ መሥዋዕቱን ከበላ፥ ከረጅም ድርቅም በኋላ ዝናብ ከዘነበ በኋላ ነው። ንግሥቲቱ ኤልዛቤል ልታስገድለው በዛተች ጊዜ ሸሸ፤ አገልጋዩን በቤርሳቤህ ተወው፤ የአንድ ቀን መንገድ ያህል ወደ ምድረ በዳ ገብቶ ከክትክታ ዛፍ በታች ተቀመጠና እግዚአብሔር ነፍሱን እንዲወስዳት ለመነ (1ነገ. 19፥1-8)። እምነቱ የጎደለ ሰው አልነበረም፤ ደክሞት ነበር። ቤት ፍለጋ ስላዛላቸው ወገኖቻችን ስናስብ ይህን ነቢይ የምናስታውሰው ስለዚህ ነው።

በአዲስ አበባ የሚኖር ምእመን ነገሩን ሳንነግረው ያውቀዋል። በ1997 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም የተመዘገበ፥ በ2005 ዓ.ም. እንደገና የተመዘገበ፥ ከደመወዙ እየቀነሰ በየወሩ በባንክ ያስቀመጠ፥ ዕጣ በወጣ ቁጥር ስሙን በዝርዝሩ ላይ በጣቱ እየተከተለ የፈለገ ሰው ዛሬም ተከራይ ሊሆን ይችላል። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የወጣው ዕጣ አሠራሩ ተዛብቶ በመገኘቱ በተሰረዘ ጊዜ፥ እልል ብለው ለዘመድ ያበሠሩ ቤተሰቦች ከጥቂት ቀናት በኋላ ወደ ጥበቃው ተመለሱ። እንዲህ ያለው ተስፋ ከነጭራሹ ተስፋ ከማጣት ይልቅ ያደክማል።

የኪራዩ ፍለጋ ደግሞ የራሱ ድካም አለው። ከሥራ በኋላ ከደላላ ጋር ከጀሞ እስከ የካ አባዶ መዞር፥ ላልተስማማ ቤት የታክሲ ሒሳብ መክፈል፥ ከበር ቆሞ መጠየቅ። «ስንት ልጅ አላችሁ? እንግዳ ይበዛባችኋል? ውኃ ታበዛላችሁ?» ልጆቻቸውን ቀንሰው የሚናገሩ ወላጆች አሉ። አራት ልጆች ያሉት አባት «ሁለት» ብሎ ሲመልስ የሚሰማውን ኀፍረት ማንም አይመዝነውም። ውሸት ውሸት ነው፤ ነገር ግን ልጅ በረከት ነው እያልን በምንዘምርበት አገር ልጅን እንዲደብቅ የሚያስገድደው ጥያቄ የከፋ ኃጢአት ይመስለናል።

ታዲያ መልአኩ ለኤልያስ ምን አደረገለት? አልገሠጸውም። ስለ ትዕግሥትም አላስተማረውም። ዳሰሰውና እንዲበላ ነገረው፤ በራስጌው በፍም የተጋገረ እንጎቻና ማሰሮ ውኃ ነበረ። ነቢዩ በላ፥ ጠጣ፥ ተመልሶም ተኛ። መልአኩም «ገና ትተኛለህን?» አላለውም፤ ሁለተኛ መጥቶ ዳግመኛ አበላው። ስለ መንገዱ የተናገረው ከዚህ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም መንገዱ ሩቅ መሆኑን አልሸሸገውም። እስከ ኮሬብ አርባ ቀንና አርባ ሌሊት ነበር።

እኛ ግን የደከመ ሰው ሲመጣ ምሳ መብላቱን ሳንጠይቅ ስለ ጽናት እንሰብክለታለን። ቅዱስ ቶማስ ዘአኩዊኖ በ13ኛው መቶ ዘመን በጻፈው ሱማ ቴዎሎጂካ ስለ ኀዘን መድኃኒት ሲያስተምር፥ እንባን፥ የወዳጆችን አብሮ ማዘንና እውነትን ማሰላሰልን ከጠቀሰ በኋላ እንቅልፍንና ገላ መታጠብን ጨምሮ ቈጥሮአል። ታላቁ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ስለ ገላ መታጠብ መጻፉ ለአንዳንዱ ያስቀው ይሆናል። ነገር ግን ሰው ነፍስና ሥጋ መሆኑን የሚያምን ሌላ ሊጽፍ አይችልም።

ስለዚህ በፍለጋ ላይ ያላችሁ፥ ሰንበትን ለእግዚአብሔርና ለዕረፍት ጠብቋት። «ሠራተኛ ከእሑድ በቀር ምን ቀን አለው?» ትሉን ይሆናል፤ እውነት ነው። እንግዲያውስ ቢያንስ ከቅዳሴ እስከ ምሳ ያለውን ሰዓት ስለ ቤት ሳትነጋገሩ አሳልፉት። ባልና ሚስት በየተራ ፈልጉ፤ አንዱ ሲዞር ሌላው ይረፍ። በደከማችሁ ምሽት ውል አትፈርሙ፤ ብዙ ሰው ያለ ዐቅሙ የሚዋዋለው ቤቱ ስላማረው ሳይሆን መፈለግ ስለ ሰለቸው ነውና። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፥ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ መደንገጉንም እወቁ። ያላወቀ ሰው የስድስት ወር ሲጠየቅ ለመበደር ይሮጣል።

ወደ ቅድስት ቤተሰብም እንመልከት። ቅዱስ ሉቃስ በቤተ ልሔም ማረፊያ ስፍራ እንዳልነበራቸውና ሕፃኑ በግርግም እንደ ተኛ ይነግረናል። ቅዱስ ማቴዎስ ግን ሰብአ ሰገል ሕፃኑን ከእናቱ ጋር ያገኙት ወደ ቤት ገብተው እንደ ሆነ ጽፎአል (ማቴ. 2፥11)። ከግርግሙ እስከዚያ ቤት ድረስ ቅዱስ ዮሴፍ ስንት ደጅ እንዳንኳኳ ወንጌል አልጻፈልንም። ያንንም ቤት ቢሆን ብዙ አልኖሩበትም፤ በሌሊት ተነሥተው ወደ ግብፅ ሸሹ። ቤት አግኝቶ እንደገና መልቀቅ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ አማላጅ አለንና በጸሎታችን አንርሳው።

ቤት የምታከራዩ ምእመናን ሆይ፥ ይህ ቃል ለእናንተም ነው። ጳጳሳዊው የፍትሕና የሰላም ኮሚሽን በ1987 እ.ኤ.አ. ስለ ቤት አልባዎች ባወጣው ሰነድ፥ መጠለያ ማጣት የአንድ ሰው ዕድለ ቢስነት ብቻ ሳይሆን የፍትሕ ጉዳይ መሆኑን አስተምሮአል። ሁላችሁም ኪራይ ቀንሱ አንልም፤ የጡረተኛ እናት እንጀራ ከዚያች አንዲት ክፍል ኪራይ የሚወጣበት ቤት ብዙ ነው። ነገር ግን ተከራይን የልጆቹ ትምህርት በተጋመሰበት ወር አታስወጡ፤ የልጆቹንም ብዛት እንደ ነውር አትጠይቁ። ክፍት ክፍል ሲኖራችሁ ከደላላው አስቀድማችሁ ለቁምስናው ጽሕፈት ቤት ንገሩ፤ የፈላጊዎቹ ስም እዚያ አለና።

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም አንድ ነገር እናሳስባለን። ለመጀመሪያ ቅዱስ ቁርባን ሲዘጋጅ የነበረ ሕፃን በድንገት ከቀረ፥ ስሙን ከመዝገብ ከመሰረዛችሁ በፊት ወላጆቹ ቤት ለቅቀው እንደ ሆነ ጠይቁ። የሄዱት ወደ ኮዬ ፈጬ ወይም ወደ ሌላ ሩቅ ሰፈር ከሆነ፥ የሕፃኑን ስም፥ የተጠመቀበትን ቁምስናና እስከ የትኛው ትምህርት እንደ ደረሰ የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ ጽፋችሁ በቆሞሱ አስፈርሙና ለወላጆቹ ስጡ፤ በአዲሱ ቁምስና ከመጀመሪያው ትምህርት እንዳይጀምር።