ስለ ተማሪ ቤት ሩጫ ትዝታ

ሰው ዕድሜው ከገፋ በኋላ በልጅነቱ የተማረውን አብዛኛውን ይረሳዋል፤ የሮጠውን ሩጫ ግን አይረሳውም። የሒሳቡ ሕግና የመልክዐ ምድሩ ስም ከልቡ ሲጠፋ፣ በኖራ የተሰመረው መስመር፣ የፊሽካው ድምፅ፣ የባልንጀሮቹ ጩኸትና በጉሮሮው የተሰማው የደም ጣዕም እንደ ትናንት ሆኖ ይታየዋል። በአንድ ተማሪ ቤት ያደጉ ሁለት ሽማግሎች በተገናኙ ጊዜ ከሹመታቸውና ከሀብታቸው አስቀድመው የሚያነሡት ይህንኑ ነው፤ ማን እንደ ቀደመ፣ ማን እንደ ወደቀ፣ ማን በባዶ እግሩ እንደ ሮጠ ተከራክረው ይሥቃሉ። እንግዲህ ነገሩን ለሚመረምር ሰው ጥያቄ ይነሣል። ይህ ትዝታ ስለ ምን ይጣፍጣል? መጣፈጡስ መልካም ነውን?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል እንጂ ቀላል አይደለም። እንጀራ ቢቆርሱት ለብዙ ሰው ይዳረሳል፤ አንደኝነት ግን አይቆረስም። በእሽቅድምድም አንዱ ቀዳሚ የሚሆነው ሌሎቹ ኋላ ስለ ቀሩ ነው። ስለዚህ በድሉ ደስ የሚለው ሰው ሳያውቀው በባልንጀራው መሸነፍ ደስ ይለዋል የሚሉ አሉ። እንዲህ ከሆነ ሽማግሌው በፈገግታ የሚያስታውሰው ነገር ንጹሕ የልጅነት ደስታ ሳይሆን ዕድሜ ያለሰለሰው ትዕቢት ነው ማለት ነው። ይህም ክስ በችኮላ የሚጣል አይደለም። አንድ ጊዜ የተጨበጨበለት ልጅ ጭብጨባውን እንደ ምግብ እየተራበ ያደገ እንደ ሆነ፣ ጐልምሶ ሥራውንና ንግዱን፣ ጉርብትናውን እንኳ ሳይቀር እሽቅድምድም ያደርገዋል።

ነገር ግን ክሱ ፈጽሞ እውነት ቢሆን ኖሮ ትዝታው የሚጣፍጠው ላሸነፈው ብቻ በሆነ ነበር። የሚታየው ግን እንዲህ አይደለም። ሁለተኛ የወጣውም፣ ከሁሉ ኋላ የደረሰውም ያንኑ ቀን በፍቅር ያነሣዋል። አንዳንድ ጊዜም የተሸነፈው ካሸነፈው ይልቅ አጣርቶ ያስታውሳል። እንግዲያስ የደስታው ምንጭ ምንድር ነው ቢሉ፣ ሰው በዚያች ጥቂት ደቂቃ የኃይሉን ዳርቻ ማየቱ ነው። ብቻውን የሚሮጥ ልጅ ሲደክመው ይቆማል፤ ሌላው አጠገቡ ሲሮጥ ግን አለቀ ያለው ጉልበት ገና እንዳላለቀ ይረዳል። ስለዚህ ተፎካካሪው ጠላቱ ሳይሆን ራሱን የሚያይበት መስተዋት ነው።

ለዚህም ከታላላቆቹ ሯጮች ምስክር ይገኛል። በ1993 ዓ.ም. መስከረም በሲድኒ ኦሊምፒክ ኃይሌ ገብረ ሥላሴና ኬንያዊው ፖል ቴርጋት 10,000 ሜትር ሮጠው በመጨረሻ የለያያቸው 9 መቶኛ ሰከንድ ብቻ ነበር። በ1996 ዓ.ም. ቴርጋት በበርሊን ማራቶን የዓለምን ክብረ ወሰን ይዞ በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ ገባ፤ በ2000 ዓ.ም. ኃይሌ በዚያው ከተማ 29 ሰከንድ ቀንሶ አለፈው። አንዱ ባይኖር ሌላው ይህን ያህል በደረሰ ነበርን? ደራርቱ ቱሉም በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ባሸነፈች ጊዜ፣ ሁለተኛ የወጣችውን ደቡብ አፍሪካዊቱን ኤላና ሜየርን እጅዋን ይዛ ሜዳውን አብረው ዞሩት። አንደኝነት ባይቆረስም ክብሩን መካፈል እንደሚቻል ያን ቀን ታየ።

የሩጫም ዋጋ ሁሉ በሜዳ አይገኝም። ኃይሌ በአርሲ በልጅነቱ ተማሪ ቤት ለመድረስ ጠዋት 10 ኪሎ ሜትር፣ ማታም ሲመለስ ያንኑ ያህል ይሮጥ ነበር። መጻሕፍቱን በግራ ክንዱ ይይዝ ስለ ነበር፣ ዓለም ካወቀው በኋላም ሲሮጥ ግራ ክንዱ መጽሐፍ እንደ ያዘ ሰው ታጥፎ ይታይ ነበር። ልብ የረሳውን አካል እንደሚያስታውስ ከዚህ ይታወቃል።

አሁን ግን ከፊተኛው የሚከብድ ሁለተኛ ጥያቄ ይመጣል። ከፍታዋ ወደ 2,800 ሜትር በሚደርስ በበቆጂ ከተማ፣ የሰውነት ማጐልመሻ መምህር የነበሩት ስንታየሁ እሸቱ ብዙ ልጆችን አሠልጥነዋል፤ ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ከእነዚህ መካከል ናቸው። የእነዚህ ስም በየአገሩ ተሰምቷል። በዚያው ብርድ፣ በዚያው ዳገት ሮጠው ስማቸው ያልተሰማ ግን እጅግ ይበዛሉ። የእነርሱ ድካም ከንቱ ነውን? ትዝታው ይበቃቸዋል ብሎ መመለስ ለጠገበ ሰው ይቀለዋል። ከድህነት እወጣለሁ ብሎ ደብተሩን ጥሎ የሮጠ ልጅ ጫማውም ትምህርቱም በአንድነት ካለቁበት፣ ያን ጊዜ የሚያስታውሰው በፈገግታ ሳይሆን በጸጸት ነው።

እንግዲህ መለየት ይገባል። በፍቅር የሚታወስ ሩጫ ልጁ ቢሸነፍ እንኳ እራቱን፣ መጽሐፉንና ባልንጀራውን ያላጣበት ሩጫ ነው። ሽልማቱ አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ስለ ነበረ መሸነፉ አላጠፋውም፤ ማሸነፉም ከባልንጀሮቹ አልለየውም። ሐዋርያው ጳውሎስ ሩጫን ምሳሌ አድርጎ የጻፈላቸው የቆሮንቶስ ሰዎች፣ በከተማቸው አጠገብ በኢስትሚያ በሚደረገው ጨዋታ ላሸነፈ የሚሰጡት አክሊል ከቅጠል የተጐነጐነ ነበር፤ ሲውል ሲያድር ይጠወልጋል። መጠውለጉ ጥበብ ሳይኖርበት አይቀርም፤ የሚጠወልገውን አክሊል ሰው ዕድሜውን ሁሉ በራሱ ላይ ተሸክሞ አይኖርምና።

ስለዚህ ትዝታው መልካም ነው፤ ግን ዕዳ አለበት። የራሱን ሩጫ በደስታ የሚያስታውስ አባት ወይም መምህር፣ ያን ደስታ ያገኘው ሳይፈራ ስለ ሮጠ መሆኑን ካሰበ፣ በልጁ ትከሻ ላይ የቤቱን ሁሉ ተስፋ አይጭንበትም፤ ከመጽሐፉም አያስጥለውም። ልጁ አቧራ ለብሶ ከሜዳ በተመለሰ ጊዜም፣ ስንተኛ ወጣህ ብሎ ከመጠየቁ በፊት፣ ከማን ጋር ሮጥህ ብሎ ይጠይቀው። ልጁ ሲሸመግል በፍቅር የሚያስታውሰው ያንን ባልንጀራውን ይሆናልና።